ሮማሪዮ ስንት ወር ነው የተቀጣው?

የጥምቀት ማታ ነው፣ 2016 ዓ.ም.። ታቦቱ ገብቷል። እግራችን ዝሏል። ጎፋ ያለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣበን ተቀምጠናል። ጨዋታው ብሬንትፎርድ ከኖቲንግሃም ፎረስት። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ጨዋታ የመግቢያ ከፍሎ የሚገባ ሰው አይገኝም ነበር። የዚያን ማታ ግን ቤቱ ጢም ብሏል። የብሬንትፎርዱ አጥቂ ኢቫን ቶኒ ከስምንት ወር ቅጣት የሚመለስበት ቀን ነበርና። ከታዳሚው ግማሹ ደግሞ “ቶኒ ያገባል” ብሎ የቆረጠውን የቤቲንግ ትኬት ኪሱ ይዟል።

ልብ በሉ፣ ሰውየው የተቀጣው በውርርድ ነው። 232 ጊዜ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርን የውርርድ ሕግ ጥሶ ነው የተቀጣው። እኛ ደግሞ በቁማር ተቀጥቶ በሚመለሰው ሰው ላይ ቁማር ቆርጠን ቁጭ ብለናል። እኛ ብቻ ብንሆን አንድ ነገር ነው። የራሱ ክለብ ማልያም ደረቱ ላይ የቁማር ድርጅት ስም ነበረበት። ልጁን “ለምን ቆመርክ?” ብለው ሲቀጡት ያንኑ ማልያ እንደለበሰ ነው።

በ19ኛው ደቂቃ ቅጣት ምት ተገኘ። ቶኒ ኳሷ ጋ ቆመ። ዳኛው በነጭ አረፋ ምልክት አድርጎላታል። ቶኒ ግራ ቀኙን አየና አረፋውን በእጁ ጠረግ፣ ኳሷንም ፈቀቅ። ከዚያ መታ። ገባች። ቤቱ ተናወጠ። ለስምንት ወር “ሕግ አክብር” ሲባል የከረመ ሰው በተመለሰ በሃያ ደቂቃው አረፋ ሲሰርቅ ማየት የሚያስቀው ለእኔ ብቻ አልነበረም። ብሬንትፎርድ 3 ለ 2 አሸነፈ። አምበሉ ማን ነበር? እሱው።

ከጎኔ የተቀመጠው ሮማሪዮ ግን አልሳቀም። ሮማሪዮ የሠፈር ስሙ ነው። ልጅ ሆነን አብረን ነው ያደግነው። እኔ ኳስ እወድ ነበር፣ ኳስ ደግሞ እሱን ትወደው ነበር። አብዶ ሲሠራ ትልልቆቹ ሳይቀሩ የራሳቸውን ጨዋታ አቁመው ያዩታል። ቴሌቪዥኑን ሲያይ ቆየና ዞር አለ።

“ስምንት ወር ነው የተቀጣው?”

“አዎ።”

“እኔስ ስንት ወር ነው የተቀጣሁት? አንተ ውጪ ነህ፣ ታውቃለህ፣ እስኪ ንገረኝ።”

ምን ልበለው? ለንደን ከተመለስኩ በኋላም ይቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። ይሄንንም የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

የሮማሪዮ ወንጀል እንዲህ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንድ ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ወስዶት ነበር። አንድ ቀን ሌሊቱን ሲቅም አድሮ፣ ዓይኑ እንደፈጠጠ ልምምድ መጣ። ጥፋት ነው፣ አልክድም። አሰልጣኙ “ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ” አለው። ከዚያ ሌላ ክለብ ሄደ። “ቃሚ ነው አሉ” ተባለ። ሦስተኛ ጋ ሄደ። “ቃሚ ነው አሉ።” ማን ነው ያለው? አይታወቅም። “አሉ” ነው። እኛ ጋ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም፣ ምስክሩም፣ ይግባኝ ሰሚውም ስሙ “አሉ” ነው። ደብዳቤ የለ፣ ቀን የለ። የእስር ቤት ፍርድ እንኳ መጨረሻ አለው። ዛሬ ሮማሪዮ ታክሲ ላይ ይሠራል፣ ማታ ማታ ደግሞ ትኬት ይቆርጣል። በነገራችን ላይ ጫቱን ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ይሄንን ግን “አሉ” አልሰማም።

የቶኒ ጉዳይ ሲታይ ምን እንደተደረገ አንብቤ ነበር። መነሻው አሥራ አምስት ወር ነበር። ጥፋቱን በማመኑ ወደ አሥራ አንድ ወረደለት። አንድ የአእምሮ ሐኪም ልጁ የቁማር ሱስ እንዳለበት ስላረጋገጠ ደግሞ ሦስት ወር ተቀነሰለት። ስምንት ወርና 50,000 ፓውንድ። መቼ ልምምድ እንደሚጀምር እንኳ ተጽፏል። ክለቡ ቀን እየቆጠረ ጠበቀው። በዚያው ክረምት በአውሮፓ ዋንጫ ለእንግሊዝ ተሰልፎ ስዊዘርላንድ ላይ ኳሷን ዞር ብሎ ሳያያት ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ከዚያ ሳዑዲ ሄደ። ሮማሪዮ ያኔ በቴሌግራም “ሰውየው ሳዑዲ ገባ፣ እኔ ሳሪስ ነኝ” ብሎ ጻፈልኝ። መሳቂያ ምልክት አድርጎበታል። እኔ ግን አልሳቅሁም።

አሁን “ፈረንጅ ጻድቅ ነው” ልል መስሏችሁ ከሆነ ቆዩ። የምኖረው ከኤምሬትስ ስታዲየም ብዙ በማይርቅ ሠፈር ነው። ሥራ ስሄድ በቀድሞው የአርሰናል አምበል በቶኒ አዳምስ ሐውልት አጠገብ አልፋለሁ። (የሁለቱ ቶኒዎች ስም መገጣጠሙ ለጽሑፌ አልተመቸኝም፣ ግን ምን ላድርግ።) አዳምስ በ1990 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጠጥቶ እየነዳ መኪናውን ከግንብ ጋር አላተመ። በዓመቱ መጨረሻ አራት ወር ተፈርዶበት ግማሹን ያህል ታስሮ ወጣ። አርሰናል አላባረረውም፣ አምበልነቱንም አልነጠቀውም። በዚያው የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ ብቻ ተሸንፈው ሊጉን በሉ። ጥሩ ይቅርታ ይመስላል አይደል? መጠጡ ግን አልቆመም። ዋንጫው መጣ፣ ጠርሙሱም አብሮ ቀጠለ። እስከ 1996 ድረስ። በዚያ ዓመት እሱ ራሱ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን እስኪናገር ማለቴ ነው። በ1998 እና በ2002 ሊጉንና የኤፍኤ ካፑን በአንድ ዓመት ያነሳው አዳምስ ከዚያ በኋላ የመጣው አዳምስ ነው። በ2000 ደግሞ በሱስ ለተያዙ ስፖርተኞች ማገገሚያ የሚሆን ድርጅት አቋቋመ። ስለዚህ የ1991ዱ ይቅርታ ይቅርታ አልነበረም። “ኳሱን እስከቻለ ድረስ ይጠጣ” ነበር።

ይሄ ነገር ደግሞ የእኛን ቡድን አስታወሰኝ።

እዚህ ለንደን እሁድ እሁድ የምንጫወት አበሾች አለን። አንድ አጥቂ አለን። ግራ እግሩ ሌላ ነው። ሰላሳ ሜትር ላይ ሆኖ “ዞር በሉ” ይላችኋል፣ ትዞራላችሁ፣ ገብታ ታገኟታላችሁ። ችግሩ ጠጥቶ መምጣቱ ነው። አንድ ጊዜ ዳኛውን በደረቱ ገፋው። የዚህ አገር እግር ኳስ ማኅበር ሰዎች ጊዜ አልፈጁም። ደብዳቤ መጣ። 182 ቀን እንዳይጫወት፣ ይሄን ያህል ፓውንድ እንዲከፍል፣ አንድ ትምህርት ወስዶ ሳይጨርስ እንዳይመለስ። የሚመለስበት ቀን ሳይቀር ተጽፏል። የእኛ ኮሚቴ ደብዳቤውን አንብቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? “በወንድሙ ስም እናስገባው።”

ወንድም የለውም።

ከዚያ እርቁ መጣ። ቅዳሜ ማታ፣ የሊቀመንበራችን ቤት። ዶሮው ቀርቧል። ቢራው ባልዲ ሙሉ በረዶ ውስጥ ነው። በዕድሜ ትልቁ ጋሼ ተነሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጅ ነው፣ ደሙ ይፈላል። ይቺን ግራ እግር ደግሞ እግዚአብሔር ነው የሰጠን” አሉ። ልጁ ተነሳ፣ ጉልበታቸውን ሳመ። “ይቅር ለእግዚአብሔር” ተባባልን። አጨበጨብን። ጠቅላላ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጭብጨባው ሳይበርድ አንዱ የተከፈተ ቢራ ልጁ እጅ ላይ አስቀመጠለት። “ለሰላሙ!” ጠጣ። ሁለተኛው ተከተለ። የዚያን ማታ አራት ቆጠርኩ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ሰውየውን ያጠፋውን ነገር በእጁ አስይዘን ነው የታረቅነው። “ምን ሆነህ ነው?” ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ብዙ ዝም አለ። የገዛ ልጁን ካየ ሰባት ወር እንዳለፈው ነገረኝ። ከዚያ ሠፈሩ ስንደርስ “እዚች ሱቅ ጋ አንዴ አቁምልኝ” አለ። አቆምኩለት። ይኸው ነው የእኔ ድርሻ።

ታዲያ ቡድኖች ለእንዲህ ያለው ልጅ ሌላ ዕድል ይስጡ ወይስ አይስጡ? እኔ ይስጡ ባይ ነኝ። ሁሉንም ግን በአንድ ከረጢት አልከትም። ሴት የደበደበን ሰውና የቃመን ልጅ “ያጠፉ ተጫዋቾች” ብሎ አንድ ላይ መቁጠር አይዋጥልኝም። ሱስ የያዘው ይታከም። የተናደደ ተቀጥቶ ይመለስ። የማንቸስተር ዩናይትዱ ካንቶና በ1995 ደጋፊ ላይ ዘሎ በእርግጫ ሲማታ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ከጨዋታ አገዱት። ፍርድ ቤቱም ለ120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ወሰነበት፣ ልጆች ኳስ ሲያሠለጥን ጨረሰው። ኦክቶበር 1 ሊቨርፑል ላይ ተመልሶ ጎል አገባ። ቀኑ ይታወቅ ነበር፣ ሰው ጠበቀው፣ ተመለሰ። አለቀ።

የኡራጓዩ አጥቂ ሱዋሬዝ ግን ያስቸግረኛል። በ2010 ተጋጣሚውን ነከሰ። በ2013 ነከሰ። በ2014 የዓለም ዋንጫ ላይ ነከሰ። እኛ ሰው እናጎርሳለን እንጂ ሰው አንጎርስም። ባርሴሎና ግን የአራት ወር ቅጣቱ ሳያልቅ ገዛው። ምክንያቱም ያገባል። ሱዋሬዝ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚውል የመስመር ተከላካይ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛውን ንክሻ የሚያስብለት ክለብ ይገኝ ነበር?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኔ የሚመጣው። ልደብቅ አልችልም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። እኛ መቁጠር አንወድም። በ2013 ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን ሜዳዋ ላይ አሸንፎ በደስታ ከተመለሰ በኋላ፣ በሁለት ቢጫ መቀመጥ የነበረበት ተጫዋች ማሰለፉ ታወቀ። ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። ደቡብ አፍሪካን ያሸነፍንበት ደስታ ሳይበርድ ነው የሰማነው። ሁለት ቢጫ መዝግቦ መያዝ ያቃተው ቤት የሮማሪዮን ቅጣት መቼ እንደሚያበቃ እንዴት ይመዝግብ?

አሁን የእኔ ነገር። እኔ የዚሁ የእሁዱ ቡድን ግራ መስመር ተከላካይ ነበርኩ። አልጠጣም፣ አልቅምም፣ ዳኛም ገፍቼ አላውቅም። ጥፋቴ ሦስት ጊዜ ማርፈድ ነው። የሌሊት ተረኛ ነኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ነድቼ ነው የምደርሰው። ሦስተኛው ቀን ሜዳ ስደርስ ቁጥሬን ሌላ ልጅ ለብሷት ይሮጣል። “ዲሲፕሊን ያስፈልጋል” አሉኝ። የትኞቹ? ባልዲ ሙሉ ቢራ ያቀረቡት።

ለእኔ ሽማግሌ አልተላከም። ዶሮ አልተሠራም። ጋሼ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። ግራ እግሬ የእግዚአብሔር ስጦታ እንዳልሆነች አውቃለሁ፣ ኳስ ከሜዳ ከማስወጣት ያለፈ ነገር ሠርታ አታውቅም። ግን እሷም እግር ናት። አጥቂያችን አሁንም ይሰለፋል፣ አሁንም ይጠጣል። ባለፈው ወር ግማሹን ጨዋታ ተቀምጦ ነው የጨረሰው። ሁለት አገባ፣ ተሸከሙት። በአንድ በኩል ስለጨበጨቡለት አልፈርድባቸውም፣ ጎሎቹ ግሩም ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ልጁ እየከሳ ነው።

ባለፈው እሁድ ሊቀመንበሩ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ አጥቂው አነሳሁ፣ ሐኪም ጋ ብንወስደውስ አልኩ። “እሱ እኮ ደህና ነው፣ ሁለት አገባ አይደል?” አለኝ። እሺ፣ የእኔስ ነገር?

“ኮሚቴው ይነጋገርበታል።”

“መቼ?”

“እንደውልልሃለን።”

ማታ ለሮማሪዮ ነገርኩት። “አይዞህ፣ ገና አዲስ ነህ” አለኝ። ታኬታዬ ግን አሁንም መኪናዬ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ናት።