የካላዛር ሪፈር ትስስሩ ከመተማ ጎንደር ብቻ አይደለም
«ቆላው ጤና ጣቢያ ከጎንደር ሆስፒታል በሪፈር ከተሳሰረ ይበቃል» የሚለው ለካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንድፊያ ለሚተላለፍ የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ) አይሠራም። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደ የቀን ሠራተኛ በአሸዋ ዝንብ የሚነደፈው እዚያ ቢሆንም፣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚወጣበት ከወራት በኋላ ደጋ አገሩ ገብቶ ነው፤ እዚያ ደግሞ ትኩሳት ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ ይባላል። ሠራተኛ የሚልኩት ወረዳዎች ካልገቡበት ትስስሩ ጎዶሎ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና መክሳት ሲታይ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ የአርኬ39 ፈጣን ምርመራ (የካላዛር የደም ምርመራ) እና የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል (ኤችአይቪ ካለ የአርኬ39 ነጌቲቭ ውጤት ብዙም አያስተማምንም)። «መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ይሰጥ» ለሚሉት ደግሞ፦ የተለመደው ሕክምና የ17 ቀን መርፌ ነው፤ የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ክትትል ይፈልጋል። ወደ ጤና ጣቢያው መመለስ ያለበትስ የመልስ ሪፈር ወረቀቱ (ሆስፒታሉ ስለ ሕክምናው ለጤና ጣቢያው የሚጽፈው) ነው፤ እሱ ከታካሚው ኪስ ከቀረ በ6 ወር ውስጥ በሽታው ቢያገረሽ እንደገና ወባ ተብሎ ይታከማል።