ጣልያንኛ የተማርኩት ከሊጥ አጠገብ ነው

«ውጭ አገር የሚማር ልጅ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቢኖር ይሻለዋል» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። እኔ ጣልያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ አንድ ዓመት ተምሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1088 ተመሠረተ ይባላል። የከተማዋ ቅስት ያላቸው የእግረኛ በረንዳዎች ሲደመሩ 62 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ዝናብ ቢጥል እንኳ ያለ ጃንጥላ ክፍል እደርስ ነበር። ተማሪ አዚኔሊ የሚባለውን የከተማዋን ረጅም ግንብ 498 ደረጃ ሳይመረቅ ከወጣ መመረቁ ይቀርበታል ይላሉ። ይህን የነገሩኝ አከራዬ ናቸው። ትልቅ ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ በረጅም እንጨት የእንቁላል ሊጥ ይዳምጣሉ። በጣልያንኛ አፌን የፈታሁት ዱቄት የተነሰነሰበት ጠረጴዛቸው ጋ ቆሜ ነው። ክፍል ውስጥ ለወራት የፈራሁት ቋንቋ እዚያ ሳላስበው ወጣ። እባካችሁ የምትሄዱ ልጆች፣ ቤት ስትፈልጉ ከሰው ጋር የሚያኖራችሁን ፈልጉ።