ይድረስ ለጣርማበሩ ሹፌራችን፣ ሳናውቅ ትራክ ዴይ ላስገባኸን

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ፍጥነት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት በዶልፊንህ ስትወስደን ከኋላህ ተቀምጦ ያንተን ወንበር መደገፊያ አንቆ ይዞ የነበረው ሰውዬ እኔ ነኝ፣ ሁለቴ ዞረህ "ምነው ፋዘር፣ ፈራህ እንዴ?" ያልከኝ፣ አዎ ፈርቻለሁ፣ የፈራሁት ደሞ ስታወራኝ መንገዱን ትተህ ስለዞርክ ነው።

ቂም ይዤ አይደለም የምጽፍልህ። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ነው ያለው፣ መኪና ይወዳል፣ ደሞዙ በጎማ ነው የሚያልቀው፣ ሰሞኑን ስልክ ደውሎ ትራክ ዴይ ስለሚባል ነገር አወራኝ። የእሽቅድምድም ሜዳው ለአንድ ቀን ለተራ ሰው ይከፈትና በራስህ መኪና የልብህን ትነዳለህ። የልብህን ሲለኝ ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። ግን ወንድሜ እነሱ ጋ የልብ ለማድረስ ወረፋው! ቀኑን በኢንተርኔት ቀድመህ ትይዛለህ፣ ጥሩ ጥሩው ቀን ቶሎ ስለሚያልቅ አንዳንዱ ከወራት በፊት ነው የሚይዘው፣ ጀማሪ ነህ መካከለኛ ነህ ወይስ የለመድክ ተብለህ ምድብ ትመርጣለህ፣ ቀኑ ሲደርስ በጠዋት መንጃ ፈቃድህን አሳይተህ ለሚደርስብኝ ራሴ ተጠያቂ ነኝ ብለህ ፈርመህ ስብሰባ ትቀመጣለህ። ስብሰባውን ያልሰማ አይነዳም። ከዛም በኋላ ገና ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ተሰልፈህ በዝግታ ኩርባውን እያየህ ነው የምትሄደው።

"እናንተ ጋ ትራክ አለ?" ሲለኝ "በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከመናኸሪያ ነው የሚነሳው" አልኩት።

እውነቴን እኮ ነው። ያንተም ቡኪንግ አለው። ረዳትህ "አንድ ሰው የቀረው!" ብሎ ጠራን፣ ሮጠን ገባን፣ ለካ የቀረው አምስት ሰው ነው፣ በዛ በደብረ ብርሃን ብርድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተሩን እያስነሳህ እያጠፋህ ሊሄድ ነው አስባልከን። ዱካ ላይ የተቀመጡት ሦስት ትርፎች ምድባቸው ጀማሪ ይሁን የለመደ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ ትራፊክ ሲታይ ግን ረዳቱ ገና አፉን ሳይከፍት ጎንበስ ሲሉ አየኋቸውና በቃ የለመዱ ናቸው አልኩ። ፎርም መፈረም የሚባል የለም። ጣርማበር ስንደርስ ሁላችንም አማተብን፣ ፊርማችን እሱ ነው።

ደርቦ ማለፍን ልንገርህ መቼም አታምነኝም። እነሱ ጋ ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚታለፈው፣ ያውም በአንድ በኩል፣ ያውም ፊት ያለው ሰውዬ እለፍ ብሎ ፍሬቻ ሲያሳይህ። ኩርባ ላይ ደርበህ ከወጣህ ጠርተው ይመክሩሃል፣ ከደገምክ ወደ ቤትህ። አንተ ኩርባ ላይ ሲኖትራክ ደርበህ ስትወጣ ፈቃድ የጠየቅከው በክላክስ ነው፣ መልሱን ግን አልጠበቅክም። ሰዓት መያዝ ደሞ ክልክል ነው አለኝ፣ ሰዓት ከተያዘማ እሽቅድምድም ሆነ ማለት ነው። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም አንተ በአንድ እጅህ ስልክ ይዘህ ለጓደኛህ "ትናንት በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው የገባሁት፣ ዛሬ አሻሽላታለሁ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባንዲራም አላቸው፣ ቢጫ ሲውለበለብ አደጋ አለ ቀስ በል፣ ቀይ ሲሆን ሁሉም ቀስ ብሎ ከሜዳው ይውጣ። እኛ ጋ ያለው ምልክት ከፊት የሚመጣው ሹፌር መብራት ብልጭ ሲያደርግልህ ነው፣ ትራፊክ አለ ማለት ነው፣ ያኔ አንተም እንደ ሰው ትነዳለህ፣ ለሦስት ደቂቃ።

ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ የሚባል ሜዳ አለ፣ በ1927 በፈረንጆቹ የተከፈተ፣ አሮጌው ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማንም ሰው ትኬት ቆርጦ የሚነዳበት ቀን አለው። ዓለም ሁሉ የሚፈራው ሜዳ ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት 300 ሜትር ገደማ ነው። አንተ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ተነስተህ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋሮቢት ነው በአንድ ትንፋሽ የምትለቀን፣ ያውም ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ማርሹን ዜሮ አድርገህ። እነሱ በየ20 ደቂቃው እየወጡ ነው ፍሬን የሚያበርዱት፣ የመጨረሻዋን ዙር ለማብረጃ ብለው በዝግታ ነው የሚነዱት። ያንተ ፍሬን ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ሲሸት አጠገቤ ያለችው ልጅ "ቆሎ እየቆሉ ነው መሰለኝ" አለች። ደብረ ሲና ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም።

ጉሙን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። እነሱ ጋ ጉም ከወረደ ትራኩ ይዘጋል፣ ምክንያቱም በየኩርባው የቆሙት ባንዲራ ያዦች አንዱ አንዱን ማየት አለበት። አምቡላንሱ በሽተኛ ይዞ ከወጣ እንኳን ተመልሶ እስኪመጣ ማንም አይነዳም። ቅዳሜ ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ ወጣን ስንል ሌላ ዋሻ ውስጥ የገባን መሰለኝ፣ ነጭ ብቻ፣ የመኪናውን አፍንጫ አላየውም። አንተ መስታወቱን በእጅህ ጠረግ አደረግከው፣ ከውስጥ በኩል፣ ጉሙ ግን ውጪ ነው ያለው ወንድሜ። ከዛ ሙዚቃውን ጨመርክ። በየኩርባው የሚቆሙልን ጭላዳዎቹ ናቸው፣ እነሱም የዛን ቀን አልታዩም፣ ጉም ሲሆን ስራ አይገቡም መሰለኝ።

ይሄ ሁሉ ከከበደህ ካርቲንግ አለልህ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ትንሽዬ መኪና፣ ለ10 ለ15 ደቂቃ ነው የሚሸጥልህ። ሄልሜት ይሰጡሃል፣ ሻርፕ አስወልቀው ነው የሚያስገቡህ ጎማ እንዳይጠልፈው፣ ብዙ ቦታ ደሞ ሰራተኛው ሪሞት ይዟል፣ ካበዛኸው ከሩቅ ሆኖ ፍጥነትህን ይቀንስብሃል። እኔ ያቺን ሪሞት ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አስበው፣ ሪሞቷ ባልዲ አቅፈው የተሳፈሩት እማማ እጅ ላይ ብትሆን።

ከሁሉም የገረመኝን ልንገርህ። እዛ የሚከፍለው ነጂው ነው። ፍጥነት ያማረው ሰው ከኪሱ ከፍሎ፣ በራሱ መኪና፣ በራሱ ነፍስ። አንተ ነጂ፣ እኛ ከፋይ፣ ነፍሱም የኛ። እንዲህ አይነት ፓኬጅ የትም የለም ብሎኛል የአክስቴ ልጅ፣ እንዴት እንዳገኘነውም ጠይቆኛል።

ደሞ ኑርቡርግሪንግ ላይ የብረት አጥሩን ከገጨህ የአጥሩ ሂሳብ ላንተ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሂሳብ አለብህ። እማማን ታስታውሳቸዋለህ፣ ሸዋሮቢት የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ 30 እንቁላል በባልዲ ገለባ ውስጥ ቀብረው የያዙት፣ እሳቸው ባልዲውን አቅፈው እኔ እሳቸውን አቅፌ ነው የወረድነው። መናኸሪያው በር ላይ ገለባውን ስንገላልጥ ደህና የተገኘው 11 ነው። ቆጥረው ሲጨርሱ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? "ይሁን፣ ልጁ ቸኩሎ ነው፣ መንገዱን ያቅናለት።" መረቁህ እኮ! እኔ ምርቃቱ ውስጥ የለሁበትም፣ አሜንም አላልኩም።

ለማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ ነኝ፣ ከቻልክ ከኋላህ ያለችውን ወንበር ያዝልኝ፣ መደገፊያዋን ለምጃታለሁ። በሰዓቱ ሌላ መኪና የለም።

ያው ተሳፋሪህ