ይድረስ ለክቡር አቶ ያው ነው፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከዕለት ሰላምታችን ለጥቂት ቀናት እንዲያርፉልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ብዙም በማይርቅ የጀበና ቡና መሸጫ ደጃፍ፣ አንድ እግሩ ባጠረ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። አድራሻዎን ለማፈላለግ አልደከምኩም። ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው መንገድ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ሰላምታ በተለዋወጡበት ቦታ ሁሉ እርስዎ ሦስተኛ ሆነው እንደሚገኙ ማንም ያውቃል። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላል አንደኛው። ሁለተኛው የሚመልሰው እሱ ራሱ ይመስለዋል፤ የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት፤ «ኧረ ያው ነው።» ከዚያ ሁለቱም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ አንዲት ቃል ይወረውራሉ፣ ይለያያሉ።

አስቀድሜ ለትጋትዎ ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። መብራት ይጠፋል፣ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ እርስዎ ግን በዚህች ከተማ አንድም ቀን ተቋርጠው አያውቁም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች ሲወጣና ሲወርድ ላብ ያጠመቀው ወጣት እንኳ «ዛሬስ እንዴት ነበር?» ሲባል፣ ፊቱ በደስታ እያበራ፣ እርስዎን ይጠራል። አፉና ፊቱ በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ምስክርነት ይሰጣሉ፤ እኛም እንደ ደንባችን የምናምነው አፉን ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የመረጡት ከተማ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፍል ውኃው ወርደው ይህችን ከተማ ሲቆረቁሩ ስሟን አዲስ አበባ አሏት። አሮጌ አበባ አላሏትም፤ ያው አበባም አላሏትም። ይኸው ከ130 ዓመት በላይ ስሟ ከነ «አዲስ»ነቱ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተምና በየሱቁ ታፔላ ላይ ተጽፎ ይኖራል፤ በውስጧ የሚኖረው ሰው ግን «ምን አዲስ?» ሲባል የከተማውን ስም ግማሽ መጥራት ይከብደዋል። የስም ማስለወጫ ማመልከቻ አስገብተው ከሆነ በግልጽ ቢነግሩን መልካም ነው።

እዚህ ላይ ኑሮ አልተወደደም፣ ችግር የለም የሚል ሰው አድርገው እንዳያዩኝ አደራ። የሚያለቅስ ሰው ያልቅስ፤ ቤት ኪራይ የጨመረበትም ይማረር፤ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። የእርስዎ ጥፋት ግን ሌላ ነው፤ ደህና የዋለውን ቀን ጭምር ከክፉው ቀን ጋር በአንድ ከረጢት አስረው ይወስዱብናል።

ይህ ጠባይዎ ከባሕር ማዶ ተመራማሪዎችም የተሰወረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት 22 የሎተሪ ባለ ዕድሎችን አነጋግሮ ነበር። ሰዎቹ ዕጣ ካልወጣላቸው ጎረቤቶቻቸው የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። ይባስ ብሎ ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት፣ ቀልድ መስማት በመሰሉ የየዕለቱ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ ደስታ ገባና ትንንሾቹን አደበዘዛቸው፤ ቁርሱም «ያው ቁርስ» ሆነ ማለት ነው። ይህንን አሁን በአጠገቤ ለሚያልፈው ሎተሪ አዟሪ ልጅ በሰፊው አስረዳሁት። አንገቱን አዘንብሎ በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ዕጣው ለእኔ ይውጣልኝ እንጂ፣ ቁርሱን እየከፋኝም ቢሆን እበላዋለሁ» አለኝ። አንድ ትኬት ገዛሁት።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልግባ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር ሲገልጽ አገሩ ሁሉ መደንገጡን አይዘነጉትም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም፣ ልጅ «አለፈ» የሚባልበት ቤት አሁንም ከሰፈር አንድና ሁለት ቢገኝ ነው። እንግዲህ በዚህ ዘመን ነው ቡና የምታፈላልን ሴት፣ እዚህ አሁን በተቀመጥኩበት ቦታ፣ ጀበናውን ከፍ አድርጋ እየቀዳችልኝ «ጋሼ፣ ልጄ እኮ አለፈችልኝ!» ያለችኝ። ከጀበናው አፍ እስከ ሲኒው የሚወርደው ቀጭን የቡና ክር ዛሬም ይታየኛል። እኔም፣ የተማርኩና ነገር የገባኝ ለመምሰል፣ እርስዎን ጠራሁ፤ «ያው ነው እንግዲህ፤ ተምሮስ ሥራው የት አለ?»

ክሩ ተቆረጠ። ሲኒው ገና አልሞላም ነበር። «እሱስ ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለችና ዝቅ አድርጋ የቀረውን ሞላችልኝ። ጤና አዳሙን ረሳችው፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እርስዎ በዚህ ምን ጥፋት አለብኝ ይሉ ይሆናል። ሼሊ ጌብል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጥንዶች አንዳቸው ለሌላው ክፉ ወሬ ከሚሰጡት ምላሽ ይልቅ ለመልካሙ ወሬ የሚሰጡት ምላሽ ከግንኙነታቸው ጤንነት ጋር ይበልጥ ተያይዞ አግኝተውታል። ይህን ሳነብ ስለ እኛ አሰብኩ። ለክፉ ወሬስ ማን ይወዳደረናል? ዕድር አለን፤ በየወሩ እንከፍላለን፤ ሰው የሞተበት ቤት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው ሳይጠራ ይደርሳል። ለትንሽ ደስታ ግን የተቋቋመ ዕድር የለንም፤ ለትንሽ ደስታ የምንልከው እርስዎን ብቻ ነው፤ እርስዎም ባዶ እጅዎን ነው የሚመጡት።

ለነገሩ ቋንቋው አልጎደለንም። አያቶቻችን «የምሥራች!» ብሎ የመጣን ሰው «ምሥር ብላ!» ብለው ነበር የሚቀበሉት። ወሬው ገና ሳይሰማ ምርቃቱ ይቀድማል፤ ደስታው የትልቅ ይሁን የትንሽ፣ ሥራ ያስገኝ አያስገኝ፣ የሚጠይቅ የለም። ሰላምታቸውም «እንዴት አደርክ» ብሎ ይጀምርና ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን አዳርሶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ላይ ያርፍ ነበር፤ በመካከሉ እርስዎ የሚቀመጡበት ቦታ ቢፈለግ አይገኝም። መቼ እንደ ገቡብን ለማወቅ አልቻልኩም። ታክሲው ሊሄድ ሲል፣ ረጅሙን ሰላምታ የሚያሳጥር አንድ ቃል ስንፈልግ የቀጠርንዎ ይመስለኛል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ስለ እርስዎ ጠበቃ ይቆማሉ። ደስታውን የተናገረ ሰው ዓይን ይበላዋል፤ ያው ነው ማለት ከቡዳ መከላከያ ነው ይሉኛል። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ እናቴም አዲስ ቀሚሴ የሚባል ነገር ከአፏ ሳይወጣ ነው ያረጀችው። ሆኖም ጥቂት ቆጠርኩ፦ ፀሐይ የወጣበት ጠዋት፣ ሳይጋፉ የገቡበት ታክሲ፣ ትኩስ ፈንዲሻ፣ ክረምቱ አልፎ የታየ የመጀመሪያው አደይ አበባ። የትኛው ቡዳ ነው ለፈንዲሻ ብሎ የሚደክመው?

ስለዚህ የምጠይቅዎ መባረር አይደለም፤ ቤተሰብ እንዳለዎት አውቃለሁ። ከጳጉሜን የመጀመሪያ ቀን እስከ ዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ለሙከራ ያህል የዓመት ፈቃድ እንዲወጡልን ነው። ቀኖቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ደመወዝ የሚከፈልባቸውም አይደሉም፤ ማንም አይጎዳም። በየአራት ዓመቱ ስድስት ሲሆኑ ስድስተኛዋን ቀን በትርፍ ሰዓት እንይዝልዎታለን። በእነዚያ ቀናት «ምን አዲስ?» የተባለ ሰው አንድ ነገር፣ የቱንም ያህል ጥቃቅን ቢሆን፣ ፈልጎ እንዲያመጣ ይገደዳል፤ የሚሰማውም ሰው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ጨምሮ ይጠይቀዋል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ዝምታና ብዙ መንተባተብ እንደሚኖር ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ሙከራውን እኔ ትናንት ጀምሬዋለሁ። ቡናዬን ከማዘዜ በፊት «ያን የምሥራች እንደ ገና ንገሪኝ» አልኳት። «እሱማ አረጀ እኮ ጋሼ፣ ሦስት ሳምንቱ» ብላ ሳቀች። «ምሥር ብዪ» አልኩና የትኛው ትምህርት አስቸግሯት እንደነበር ጠየቅኋት። ፊዚክስ ነው አለች። ከዚያ ልጅቷ መብራት በጠፋ ሌሊት በእናቷ ስልክ ባትሪ ስታጠና ስልኩ እየዘጋ የነበረበትን፣ ውጤቱ የተለቀቀ ዕለት ደግሞ ያው ስልክ አልከፍት ብሎ ጎረቤት የሄዱበትን፣ ልጅቷ ቁጥሩን አይታ መሬት ላይ ዝርግት ያለችበትን ተረከችልኝ። አቦሉ አለቀ፤ ቶናው አለቀ፤ በረካው ላይ ደርሰን ገና ጎረቤት ቤት ነበርን። ሌሎች ደንበኞች ቡና እየጠበቁ ነበር፤ አንዱ ግን «ከዚያስ?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጤና አዳሙን ሁለት ዘለላ አደረገችልኝ።

ከሰላምታ ጋር
የረጅም ጊዜ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለአቶ ምን ይደረግ
ለወ/ሮ ምን ዋጋ አለው
አዲስ አበባ
(ሁለታችሁም በጳጉሜን የአቶ ያው ነውን ወንበር ተክታችሁ እንዳትቀመጡ በጥብቅ ትጠየቃላችሁ።)