አጋምና ቀጋ ይለያያሉ (ማስተካከያ)

ሰሞኑን «አጋም ማለት የሐበሻ ጽጌረዳ ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ» የሚል ፖስት ሼር እየተደረገ ነው፣ ይስተካከል። ሮዛ አቢሲኒካ ቀጋ ነው፣ ያ እሾሁ ቆልመም ያለው፣ ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ሆኖ ወደ ቀይ የሚሄደው። አጋም ግን ካሪሳ ስፒናረም ነው የሚባለው፣ ከጽጌረዳ ቤተሰብም አይደለም፣ እሾሁ ቀጥ ያለ ነው፣ ፍሬው ቀይ ይሆንና ሲበስል ይጠቁራል፣ ቅጠሉን ስትቀነጥሱት ደግሞ ነጭ ወተት ይወጣዋል (ቀጋ ወተት የለውም፣ መለየቱ ቀላል ነው እኮ)። ስፒናረም የሚለው የቦታ ስም ሳይሆን ላቲን ነው፣ «የእሾሆች» እንደማለት፣ ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1767 እ.ኤ.አ. ያወጣው። የቆዩ መጻሕፍት ላይ ካሪሳ ኤዱሊስ ካያችሁም ያው አጋም ነው፣ ኤዱሊስ «የሚበላ» ማለት ነው። አጋም የሚለው ስም ግን የራሳችን ነው፣ ትግርኛው ዓጋም ኦሮምኛው አገምሳ ይለዋል፣ «ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚባለውም ስለዚሁ እሾህ ነው፣ እየወጋው የቁልቋሉን ወተት ስለሚያፈሰው። ፖስቱ ላይ ያለው ፎቶ የቀጋ ስለሆነ ፎቶውን እንዳለ ተዉትና ጽሑፉ ላይ «አጋም» የሚለውን ብቻ «ቀጋ» ብላችሁ አርሙት።