ሒሳብ የማይቀበል ረዳት

ባለፈው ሳምንት ለንደን ውስጥ ከአውቶቡስ ተመለስኩ። ገንዘብ አጥቼ አይደለም። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ ካርዴን ቤት ረስቻለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ግን አስር ፓውንድ አለ። ሹፌሩ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። የከተማው አውቶቡስ ጥሬ ብር መቀበል ካቆመ ቆይቷል፤ ከ2014 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውቃለሁ። ግን "ወንድሜ፣ ዛሬን እለፈኝ" የምትለው ወያላ እንኳን የለም!

አርባ ደቂቃ በእግሬ ስኳትን ሩትማስተር ትዝ አለኝ። ያ አሮጌው ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡስ። ሥራ የጀመረው በ1956 ነው። ሠሪዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሊፋክስ የተባለውን ቦምብ ጣይ ሲገጣጥሙ የለመዱትን የአሉሚኒየም ሥራ አውቶቡስ ላይ አዋሉት። 64 መቀመጫ ጭኖም ቀላል ነበር። እስከ 1968 ድረስ 2,876 ተመረቱ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኋላው ነው። በር የለውም! ክፍት መቆሚያ፣ መያዣ ብረትና ቲኬት ቆራጭ ብቻ። መብራት ሲይዘው ዘለህ ትገባለህ፣ ቆራጩ መጥቶ ሒሳብ ይቀበልሃል። ሹፌሩ ፊት ለብቻው ተዘግቶበታል፤ ስለዚህ የሚግባቡት በደወል ነው። ሁለቴ ከተደወለ "ሳበው!" ማለት ነው። ታዲያ ይሄ የኛው ሚኒባስ አይደለም እንዴ? ዩኒፎርም ለብሶ፣ በመልስ ሳይጣላ።

በ2005 ከመደበኛ መስመር ወጣ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አይገባበትም ነበርና እዚህ ላይ አልከራከርም። የሚያስቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ናፈቃቸው መሰለኝ፣ በ2012 አዲስ ሩትማስተር አመጡ። የኋላውን መቆሚያም መለሱት፣ ረዳትም አቆሙበት። ረዳቱ ግን ሒሳብ አይቀበልም! ቆሞ ሰው ማየት ብቻ። እንዲህ ያለ ወያላ መገናኛ ላይ ቢታይ ጠበል ይወስዱታል።

የላይኛው ፎቅ መስኮትም አይከፈትም ነበር። በበጋ ሰው ተቀቀለ። "ዝጉት፣ ንፋስ ይመታኛል" የሚል አበሻ ያማከራቸው ነው የሚመስለው። ኋላ የሚከፈት መስኮት ገጠሙለት። ረዳቶቹን ግን በ2016 አነሷቸው፣ የኋላው በርም እንደ ሌላው በር ተዘጋ።

በማግስቱ ካርዴን ይዤ ተሳፈርኩ። ማሽኑ ጢጥ አለ። ሹፌሩ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።