ፓርክ ዳር፣ ባለ አንድ መኝታ

ማስታወቂያው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። «ጎንደር፣ ዘመናዊ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ፣ ፓርክ ዳር፣ 55 ካሬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያለው፣ አሪፍ ቪው፣ ካርታው ንጹህ፣ ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊወጣ ስለሆነ በአስቸኳይ።» ከስሩ ስድስት ፎቶ አለ። ሳሎኑ በፎቶ ሲታይ ሰርግ ይደገስበታል፣ ይሄ ዋይድ የሚሉት ካሜራ መቼስ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተህ ብታነሳበት አዳራሽ አድርጎ ነው የሚያወጣልህ። ስድስተኛው ፎቶ ላይ ደግሞ ዛፍ ብቻ ነው ያለው። ዛፉም አብሮ ሊሸጥ ነው እንዴ ብዬ ሁለት ጊዜ አየሁት።

ለእማዬ ሳነብላት «ፓርክ?» አለች፣ «ፓርክማ ያለው ደባርቅ ነው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሄደህ ተዝንጀሮ ጋር ልትኖር ነው?» አትፈረድባትም፣ እኛ ሰፈር ፓርክ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ሰሜን ተራሮች ነው፣ ዋልያውና ጭላዳው ያለበት። የለም እማዬ፣ ይሄ የከተማ ፓርክ ነው፣ አበባ አለው፣ ወንበር አለው፣ ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል አልኳት።

«እና ቤቱን ስንገዛ ፓርኩም የኛ ይሆናል?»

«አይሆንም፣ ግን ከበረንዳ እናየዋለን።»

«ለማየትማ ሄጄ አየዋለሁ፣ ማን ከለከለኝ?»

ይሄን ነገር እስካሁን ሊመልስልኝ የቻለ ደላላ የለም።

ደላላው ቀጭን ልጅ ነው፣ ሁለት ስልክ ይዟል፣ በአንዱ ያወራል፣ በሌላው የሚያወራ ይመስላል። ዋጋውን ስጠይቀው ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ሰባት ነጥብ አምስት ነው፣ ለናንተ ግን አናግረዋለሁ» አለኝ። ደላሎች ሚሊዮን የምትለዋን ቃል አይጠሯትም፣ ከጠሯት ራሳችንን ስተን የምንወድቅ ይመስላቸዋል መሰለኝ። እማዬ ታዲያ «ሰባት ሺ ተምስት መቶ? በወር?» አለች፣ ደላላው ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም እሷ ያለችው ራሱ ለኔ ደሞዝ ከባድ ነበር።

ሊፍት ያለው የተባለው ውሸት አይደለም። አለ፣ ቆሟል፣ በሩ ላይ ሁለት ጄሪካንና አንድ የልጅ ብስክሌት ተደግፎበታል። በእግር ወጣን። እማዬ በየፎቁ እየቆመች «በአርባ አራቱ ታቦት!» እያለች፣ እኔ እጇን ይዤ፣ ደላላው ከላይ ሆኖ «በርቱ ማዘር፣ ደርሰናል» እያለን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይም ደርሰናል ነበር ያለን።

እንደደረስን እማዬ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ወጉ «ቤት ለእምቦሳ!» አለች። ዝም ተባለ። ከዚያ ደላላው «ዌልካም ማዘር» አለ። እማዬ የዛን ቀን በዚህ ያዘነችውን ያህል በዋጋውም አላዘነች። እምቦሳ እሰሩ ማለት አጥቶት ነው? እኔ ግን ልጁን በሆዴ ይቅር አልኩት፣ ምክንያቱም ዞር ዞር ብዬ ቤቱን ሳየው፣ እሰሩ ብሎን ቢሆን ኖሮ እምቦሳዋን የት ነው የምናስራት? በረንዳው ላይ ከታሰረች ጭራዋ ፓርኩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ያውም በአራት ፎቅ ደረጃ ተሸክመናት ወጥተን።

«ይሄ 55 ካሬ ነው?» አልኩት።

«ግሮስ ነው የኔ ወንድም። ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ ሁሉም ድርሻ ድርሻው ተደምሮ።»

«ደረጃውንም ነው የሚሸጥልን?» አለች እማዬ። ስንቱን ደረጃ እንደገዛሁ ባውቅ ኖሮ ስወጣ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ነበር የምወጣው። የማይንቀሳቀስ ሊፍት ላይም ድርሻ አለኝ ማለት ነው፣ ዘመዶቼ ሀብት የለውም እንዳይሉኝ።

ከመስኮቱ አንገትህን ወደ ግራ ካጣመምክ የፋሲል ግንብ ጫፍ ትታያለች፣ ቪው የተባለችው እሷ ናት። አንገቴን አጣምሜ እያየሁ ምን አሰብኩ መሰላችሁ፣ ፋሲል ግቢ ወደ 70 ሺ ካሬ ነው፣ 900 ሜትር አጥር፣ 12 በር፣ ያውም ግሮስ ኔት የሚባል ነገር ሳይኖር። ያም አልበቃ ብሏቸው የፋሲል ልጅ ዮሐንስ ለመጽሐፍ ብቻ አንድ ቤት ሠራ፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ የራሱን ግንብ አቆመ፣ ዳዊት ለዘፈን አዳራሽ አሠራ፣ በካፋ መጣ ጨመረ፣ ምንትዋብም ከባሏ ቤት ሌላ የራሷን ሠራች። ለዘፈን የብቻው ቤት! እኛ ጋ መጽሐፉም ዘፈኑም እንቅልፉም ሳሎን ሶፋ ላይ ነው፣ ሽንኩርቱም ጭምር፣ ምክንያቱም ኪችኑ ኦፕን ነው። እማዬ ኦፕን ማለት ግድግዳው ገና ያላለቀ መስሏት «መቼ ይጨርሱታል?» አለች። ደላላው እንደዚህ ነው ፋሽኑ ሲላት ቁሌቱን አሰበችና «እንግዳው ወጡን ሳይበላው ልብሱ ይበላዋል» አለች። ምጣድ የሚቀመጥበት የለም። ቧንቧውን ከፈተችው፣ ሽሽሽ አለ፣ ዝም አለ። «በፈረቃ ነው የሚመጣ፣ ሮቶ አለው ማዘር» አለ ደላላው። የጥምቀቱ ገንዳ እንኳ ከቀሃ ተስቦ በዓመት አንዴ ጢም ይላል፣ ይሄ ቧንቧም ፈረቃውን የተቀበለው ከሱ ሳይሆን አይቀርም።

«መኝታ ቤቱስ?»

«እሱን ሌላ ቀን ታያላችሁ፣ አሁን ሰው ተኝቷል።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤት ልንገዛ መጥተን መኝታውን ሳናይ ልንሄድ ነው። እማዬ ምንም አልተናገረችም፣ ግን ዓይኗ በሩ ጋ የተደረደረውን ጫማ ሲቆጥር አይቻታለሁ፣ ከሶፋው ጀርባ ተጠቅልለው የቆሙትን ሦስት ፍራሾችም አላለፈቻቸውም።

ቀስ ብላ «ጥምቀት ላይ የት ይተኛሉ?» አለችኝ።

ይቺን ጥያቄ ፈርቻት ነበር። ከተራ ጥር 10 ነው አይደል፣ እኛ ቤት ግን እንግዳ መግባት የሚጀምረው ከሳምንት በፊት ነው፣ ከቆላድባ አጎቴ ከነልጆቹ፣ ከዳባት የእማዬ እህት፣ ከአዲስ አበባ ሆቴል ተወደደብን የሚሉት፣ አንድ ደግሞ ማን እንደሆነ እስካሁን ያላወቅነው ግን ሁሌ የሚመጣ ሽማግሌ አለ፣ እሱ ካልመጣ እማዬ ትጨነቃለች። ቤታችን ጭቃ ነው፣ ጣራው ያፈሳል፣ ሰው ግን ሞልቶበት አያውቅም፣ ሲበዛ ግቢው ላይ ሸራ ይወጠራል አለቀ። እዚህ ሸራውን የት ነው የምወጥረው፣ ሊፍቱ ውስጥ? ባለ አንድ መኝታ የሚሠራ ሰው ዘመድ የሌለው ሰው በሐሳቡ ስሎ ነው የሚሠራው፣ እንደዛ ያለ ሰው ደግሞ ጎንደር ውስጥ አላየሁም፣ ቢገኝም ሰው አዝኖለት በሳምንቱ ዘመድ ይሆነዋል።

ደላላው «እስከ ማታ ወስኑ፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎን በሁለተኛው ስልክ እያወራ ሄደ። እኛ ወርደን ፓርኩ ውስጥ ዛፏ ጥላ ስር፣ ስድስተኛው ፎቶ ላይ ያለችዋ ዛፍ ስር ማለቴ ነው፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ጋ አረፍን።

«አራተኛ ፎቅ አይታችሁ ነው?» አለችን።

«በምን አወቅሽ?»

«እማማ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የወረዱት። እዛ የወጣ ሁሉ እንደዛ ነው።»

እማዬ ሲኒዋን ተቀብላ «ባለቤቱ ወዴት አገር ሊሄድ ነው ግን?» አለቻት።

«የምን አገር?»

«ወደ ውጭ ሊወጣ ነው ተብለን።»

ልጅቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ወጥቷል'ኮ እማማ፣ ያውላችሁ» ብላ በአገጯ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር አሳየችን። ጃኬት የደረበ ሰውዬ ፓወር ባንክ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ጋዜጣ አንጥፎ ተቀምጧል። «የሚስቱ ዘመዶች ለጥምቀት መጥተው ነው፣ አንዷ የሆስፒታል ቀጠሮ አላት፣ አንዱ ትምህርት ጀመረ፣ ሌሎቹ እነሱን እየጠበቁ ነው።»

ጊዜው ግንቦት ነው።

ሰውዬው ሰምቶናል፣ ግን አልተቆጣም። ጠጋ አለና ጋዜጣውን ለሁለት ቀዶ ግማሹን አጠገቡ አነጠፈ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይምጡ፣ ቪውም ከዚህ ይሻላል።»